የማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ሥልጠና በአገራችን፦ ስለ ርቀት የሚናገር ታሪክ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከመገናኛ ተነሥቶ፣ የየካን ተራራ በስተ ግራ ትቶ፣ በኮተቤ በኩል ይወጣል። መገናኛ ዛሬ የታክሲ፣ የአውቶቡስና የባቡር ተሳፋሪ የሚራኮትበት አደባባይ ነው። ለማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ግን ቦታው ሌላም ትርጉም አለው። ከሰንዳፋ፣ ከአለልቱ፣ ከሸኖና ከዚያም ወዲያ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ወደ ከተማው ሆስፒታሎች የሚገሰግሰው መኪና የሚያልፈው በዚሁ ነው። ከእንጦጦና ከየካ ዳገት ደግሞ የማገዶ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ነፍሰ ጡሮችም ጭምር፣ ለብዙ ዘመን ወደዚሁ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል። አንዷ ከሩቅ በመኪና፣ ሌላዋ ከቅርብ በእግሯ ትምጣ እንጂ፣ ጭንቅ በመጣ ጊዜ ሁለቱም የሚደርሱት ከአንድ ዓይነት ሐኪም እጅ ነው።

ያ ሐኪም ከየት መጣ? ሙያውን የት፣ ከማን፣ በምን ሁኔታ ተማረ? ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው በአጭሩ መልስ ለመስጠት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና አሳብም የሚከተለው ነው፦ የማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ሥልጠና ታሪካችን በመሠረቱ የርቀት ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ተማሪው ከመምህሩ ርቆ ነበር፤ ያ ርቀት ብዙ ድካም ተደርጎበት ቀረበ። እናቲቱ ከሐኪሙ የራቀችበት ርቀት ግን ገና ተቃልሎ አላለቀም። የሙያ ባልደረቦች የሥልጠናችንን ጥራት በምንመዝንበት ጊዜ ሁለቱን ርቀቶች አንድ ላይ ማየት ይገባናል።

መምህር ሩቅ በነበረበት ዘመን

የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ለኢትዮጵያዊ ምን ያህል ሩቅ እንደ ነበረ ለመረዳት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ሕይወት ማስታወስ ይበቃል። በ1860 ዓ.ም መቅደላ በእንግሊዞች እጅ በወደቀች ጊዜ ገና ሕፃን የነበሩት ወርቅነህ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሕንድ ተወሰዱ። በላሆር ሕክምና ተምረው በ1874 ዓ.ም ተመረቁ። አገራቸውን ለማገልገል ወደ አዲስ አበባ የመጡት ግን በ1891 ዓ.ም ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ ሐኪማችን ተምሮ ለመመለስ ባሕር ማዶ 30 ዓመት ገደማ ኖሯል ማለት ነው።

በአገር ውስጥ የነበረውም የሕክምና አገልግሎት በውጭ አገር ሰዎች እጅ የቆመ ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ከፍቶ ለጥቂት ዓመታት ሠራ። በ1902 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ወሊድ የሆስፒታል ጉዳይ አልነበረም። ነፍሰ ጡር ሴት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» እየተባለች ቀኗን ትቆጥራለች፤ ምጥ ሲመጣ የልምድ አዋላጅና ጎረቤት ይሰበሰባሉ፤ በደኅና ከተገላገለች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። «ማረችሽ» የሚለው ቃል ብቻ ወሊድ በሕዝቡ ዘንድ ከሞት ጋር ምን ያህል ጎን ለጎን ይታይ እንደ ነበር ያስረዳል።

ይህ ዕጣ ባለጸጋና ደኻ የሚለይ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው የተመረቁ ነበሩ። አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ተመልሰው፣ ከተዳሩ ብዙም ሳይቆዩ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ ያውም ነርስ፣ ከወሊድ ጭንቅ የሚያድን ሐኪም በቅርብ አላገኘችም ማለት ነው። በስማቸው በአዲስ አበባ እንዲሠራ የታቀደው ሆስፒታል ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ አገር ባስተባበሩት የገንዘብ መዋጮ ጭምር ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ተከፈተ። ይህ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል።

ከነጻነት በኋላ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሐኪም ለመሆን የፈለገ ኢትዮጵያዊ ዕድሉ ቤይሩት፣ እንግሊዝ አገር፣ አሜሪካ ወይም ሌላ ሩቅ አገር ነበር። የስፔሻሊቲ ትምህርትማ ከዚያም ይብስ ነበር። የማሕፀንና ጽንስ ሕክምና ለመማር የሚሄደው ሐኪም የሚሠለጥንባቸው እናቶች በእርግዝናቸው ወራት ሁሉ ሐኪም ያያቸው፣ ደም በባንክ የተቀመጠላቸው፣ ምጣቸው በሰዓታት የሚቆጠር ነበሩ። በአንጻሩ በአገሩ የሚጠብቁት እናቶች ምጣቸውን በቀናት የሚቆጥሩ ነበሩ። ማሕፀኗ የተቀደደ፣ ሽንቷን መቆጣጠር የተሳናት እናት ውጭ አገር ለሚማር ሐኪም የመጽሐፍ ገጽ እንጂ የየቀን ሥራ አልነበረችም። ስለዚህ ከውጭ የሚመለሰው ስፔሻሊስት ዲፕሎማውን ይዞ ከመጣ በኋላ እንደ ገና መማር ነበረበት።

ከሕመምተኞች መማር

ይህን እውነት በግልጽ ያሳዩት፣ የሚገርመው፣ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒው ዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም የ3 ዓመት ውል ይዘው መጡ። ሁለቱም በሙያው የሠለጠኑ ስፔሻሊስቶች ቢሆኑም የወሊድ ፌስቱላ በአገራቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ስለ ነበር፣ ችግሩን ያወቁት እዚህ ከደረሱ በኋላ ነው። የቀዶ ሕክምናውን ስልት ከቀደሙ ጽሑፎችና ከሥራው ከራሱ ተማሩት። በ1967 ዓ.ም ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ የፌስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። ዶክተር ሬጂናልድ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 እስኪያርፉ ድረስ ከዚያች አገልግሎት አልተለዩም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሥልጠና ትምህርት የሚሆነው ትልቁ ነገር የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ጉዳይ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ በወጣትነታቸው በወሊድ ምክንያት ፌስቱላ ደርሶባቸው ወደ ሐምሊን ቤተሰብ የመጡ የገጠር ሴት ናቸው። በመጀመሪያ አልጋ በማንጠፍ፣ ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና ክፍል በማገዝ ጀመሩ። ቀስ በቀስ መሣሪያውን ራሳቸው ያዙ። መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ከተካኑት የፌስቱላ ቀዶ ሐኪሞች አንዷ ለመሆን በቁ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሐምሊን ጥንዶች ጋር የወርቅ ሜዳልያ ሸለማቸው። ከውጭ የመጡ ስፔሻሊስቶችም ሆኑ የአገራችን ሬዚደንቶች በወይዘሮ ማሚቱ አጠገብ ቆመው ተምረዋል። ስድስትና ሰባት ዓመት ሕክምና የተማረ ሐኪም «እዚህ ላይ በቀስታ» ስትለው የገጠር ሴት ታዞ ክሩን የሚያስርበት ክፍል፣ በሙያችን ውስጥ ትሕትናን ከሚያስተምሩ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል።

ሥልጠናው ወደ አገር ሲገባ

የሕክምና ፋኩልቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም የመጀመሪያው ርቀት መቅረብ ጀመረ። ከዚያ በፊት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954፣ በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን በማውጣት መንገድ ጠርጎ ነበር። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዋና የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ በኋላ ደግሞ በ1970ዎቹ (ዓ.ም) የስፔሻሊቲ ትምህርት በአገር ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ማሕፀንና ጽንስ ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዘርፎች ውስጥ ነበር። ሠልጣኞች ከጥቁር አንበሳ ሌላ፣ በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ ሕንዳውያን ለማሕተማ ጋንዲ መታሰቢያ እንዲሆን ባቋቋሙት የጋንዲ ሆስፒታልም እየተዘዋወሩ ይሠሩ ጀመር።

ይህ እርምጃ የተወሰደበትን ዘመን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለስፔሻሊቲ ወደ ውጭ ከተላኩት ሐኪሞች ብዙዎቹ ሳይመለሱ የቀሩበት ዘመን ነበር። ስለሆነም ሥልጠናውን በአገር ውስጥ መጀመር የትምህርት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አገሪቱ ሐኪሞቿን የምትይዝበትም ዘዴ ነበር። መምህራኑ ቁጥራቸው ጥቂት፣ መጻሕፍቱ ያረጁ፣ መሣሪያው የተጓደለ ቢሆንም፣ የሕመምተኛው ብዛትና የሕመሙ ዓይነት በዓለም ላይ በየትኛውም ትምህርት ቤት የማይገኝ ነበር።

ወደ ሥልጠናው የሚገባው ሐኪም ማን ነበር? በአብዛኛው በዕጣ ወይም በምደባ ወደ ክፍለ ሀገር ተልኮ ለጥቂት ዓመታት ያገለገለ ጠቅላላ ሐኪም ነበር። በዚያ ብቻውን የቀዶ ሐኪምም፣ የሕፃናት ሐኪምም፣ አዋላጅም፣ የሆስፒታሉ ኃላፊም ሆኖ ሠርቷል። ምጥ የጠናባትን እናት መጽሐፍ ገልጦ፣ ማደንዘዣውን ነርስ እየሰጠለት፣ በላምባ መብራት ቀድዶ አዋልዷል። እንዲህ ያለው ሰው ሬዚደንት በሆነ ማግስት እንደ ገና ተማሪ ይሆናል። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ስለ ሌሊቱ ሥራ በሁሉ ፊት ቆሞ መልስ ይሰጣል። «ለምን ሁለት ሰዓት ጠበቅህ? የጽንሱን የልብ ምት መቼ አዳመጥህ? ፓርቶግራፉ የታል?» ተብሎ ይጠየቃል። ክፍለ ሀገር ሳለ እናቲቱ ከዳነች የሚጠይቀው አልነበረም። እዚህ ግን ብትድንም እንዴት እንደ ዳነች ይጠየቃል። ብዙ ባልደረቦች ከሥልጠናው ያገኙት ትልቁ ነገር አዲስ የእጅ ጥበብ ሳይሆን ይህ የመጠየቅ ልማድ መሆኑን ይመሰክራሉ።

ስለ ፓርቶግራፍ ከተነሣ፣ ይህ የምጥን ሂደት በአንድ ወረቀት ላይ በመስመር የሚያሳይ ዘዴ በአፍሪካ ምድር የዳበረ መሆኑ መታወስ አለበት። ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ያሳተሙት ጥናት የተሠራው ዛሬ ሐራሬ በምትባለው ከተማ ነው። ዓላማውም ሐኪም በሌለበት የምትሠራ አዋላጅ እናቲቱን በጊዜ ወደ ሆስፒታል እንድትልክ ለመርዳት ነበር። በሌላ አነጋገር ፓርቶግራፍ ራሱ ርቀትን ለማሸነፍ የተፈጠረ መሣሪያ ነው።

በከተማው ውስጥ የነበረው ሁኔታም ቀላል አልነበረም። ከ1974 እስከ 1975 ዓ.ም ባርባራ ክዋስት፣ ሮጀር ሮቻትና ከመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞቻችን አንዷ የሆኑት ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት፣ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 566 እናቶች እንደሚሞቱ አሳዩ። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው በቀጥታ ከወሊድና ከእርግዝና ጋር ከተያያዙት ሞቶች ከግማሽ የሚበልጡት በውርጃ ምክንያት የደረሱ መሆናቸው ነው። በዚያ ዘመን የሠለጠኑ ሐኪሞች የማሕፀን ሕሙማን ክፍል አልጋዎች በተመረዘ ውርጃ በተኙ ወጣት ሴቶች ተይዘው እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ከሆስፒታል በእግር መንገድ ርቀት ላይ የሚኖሩ ነበሩ። እነርሱን ከሐኪም ያራቃቸው ተራራና ወንዝ ሳይሆን ፍርሃትና ሕግ ነበር። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በግንቦት 1997 ዓ.ም ሥራ ላይ ውሎ የሚፈቀድበትን ሁኔታ ካሰፋ በኋላ፣ ያ ክፍል ቀስ በቀስ ሲቀየር የኋለኞቹ ሠልጣኞች በዓይናቸው አይተዋል።

አንድ ሌሊት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለ ያጋጠመውን አንድ ነገር እዚህ ላይ መጥቀስ ይፈቀድለት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሸኖ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት በጭነት መኪና መጣች። ስትደርስ ምጧ ቆሟል፤ የጽንሱ ልብ አይሰማም፤ ሆዷ ላይ የሕፃኑ እጅና እግር ከቆዳዋ በታች በእጅ ይዳሰሳል። ማሕፀኗ መቀደዱን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አላስፈለገም። ከደም ባንክ የተገኘው አንድ ከረጢት ደም ብቻ ነበር። ሁለተኛውን የባሏ ወንድም ሰጠ። ሲኒየሩ ሐኪም ከቤቱ ተጠርቶ መጣና አብረን ገባን። ማሕፀኗን ማውጣት ግድ ሆነ። እናቲቱ ግን ተረፈች።

ሲነጋ ባልዋ በኮሪደሩ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሞ አገኘሁት። ድካምም ቁጣም ይዞኝ ነበርና፣ «ምነው ከትናንት በስቲያ ብታመጣት ኖሮ!» አልሁት። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና «ከትናንት በስቲያማ መንገድ ላይ ነበርን፣ ዶክተር» አለኝ። በቃሬዛ ተሸክመው ወንዝ ተሻግረው አስፋልቱ ዳር እስኪደርሱ አንድ ቀን፣ የሚጭናቸው መኪና እስኪገኝ ሌላ ሌሊት ፈጅቶባቸዋል።

በዚያው ቀን በሥልጠና መዝገቤ ላይ «የማሕፀን መቀደድ፣ 1» ብዬ ጻፍሁ። ለመመረቅ ከሚፈለግብኝ የቀዶ ሕክምና ቁጥር አንዱ ተሟላልኝ ማለት ነው። ያችን መስመር ስጽፍ ስለ ራሴ ጥቅም እንጂ ስለ ሌላ አላሰብሁም ነበር። በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አሳስቦኛል፤ የእኔ ሙያ በአንድ እርምጃ ያደገው ያች እናት በሁለት ቀን መንገድ ስለ ዘገየች ነው። የአንድ ትውልድ ስፔሻሊስቶች እጅ የሠላው፣ በአመዛኙ፣ በዘገዩ እናቶች ላይ ነው። ይህን ዕዳ ማን ይከፍላል?

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን እናቶች የሚሞቱባቸውን ምክንያቶች በሦስት መዘግየቶች ከፈሏቸው፦ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የስፔሻሊስት ሥልጠና በአመዛኙ ያተኮረው በሦስተኛው ላይ ነው። የዚያች እናት ባል ግን በአንዲት አረፍተ ነገር ያስተማረኝ ስለ ሁለተኛው ነበር።

ትምህርት ቤቶቹ ሲበዙ

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። የጎንደር የሕክምና ትምህርት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም በ1983 ተከፍተው፣ ከጊዜ በኋላ እነርሱና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀመሩ። የኢትዮጵያ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ተመሠረተ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2012 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በሚችጋን ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ በዶክተር ሰናይት ፍሥሐ አስተባባሪነት፣ የራሱን የማሕፀንና ጽንስ ሥልጠና ከፈተ። ቀጥሎም ከስፔሻሊቲ በላይ የሆኑ ሥልጠናዎች በአገር ውስጥ መሰጠት ጀመሩ። ከመቅደላ ወደ ላሆር የተጀመረው ጉዞ በዚህ ፍጻሜ አግኝቷል ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ርቀት ለማቅረብም ሙከራ ሳይደረግ አልቀረም። በጉራጌ አገር በወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከሩቅ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ በግቢው እንዲቆዩ ማረፊያ ካዘጋጀ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ2002 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተምረው ስፔሻሊስት በሌለባቸው ሆስፒታሎች በቀዶ ማዋለድ ጀመሩ። በዚህ ጉዳይ ከመካከላችን ቅር የተሰኙ አሉ። ነገር ግን የሸኖው መንገድ ላይ ለነበረችው እናት ጥያቄው የባለሙያው ማዕረግ ሳይሆን ቅርበቱ ነበር።

ውጤቱም በቁጥር ታይቷል። በአገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር በ1992 ዓ.ም 871፣ በ1997 ዓ.ም 673፣ በ2003 ዓ.ም 676፣ በ2008 ዓ.ም 412 ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ1992 ዓ.ም ከመቶ 5 ገደማ የነበሩት በ2008 ዓ.ም 26፣ በ2011 ዓ.ም 48 ደርሰዋል። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም ድረስ ሞቱ ምንም ያህል ሳይቀንስ የቆየ መሆኑ ሐኪም መጨመር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ማጠቃለያ

አንዳንድ አንጋፋ ባልደረቦች የዛሬዎቹ ሬዚደንቶች የተቀደደ ማሕፀን በብዛት አያዩም፣ የሞተን ጽንስ በመሣሪያ ማውጣትም አልተለማመዱም ሲሉ ይሰማል። ነገሩ እውነት ነው። ሆኖም ይህ ጉድለት ልንደሰትበት የሚገባ ጉድለት ነው። ያ ሙያ የተጠራቀመው በእናቶች መዘግየት ስለ ሆነ፣ መዘግየቱ ሲያጥር የሙያው አጋጣሚ ማነሱ አይቀርም። እጅን በሌላ መንገድ፣ በመልመጃ አካልና በተደራጀ ልምምድ፣ ማሠልጠን ይቻላል። በሌላ መንገድ ሊተካ የማይችለው ግን ሐኪሙ የእናቲቱን መንገድ ማወቁ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ የሚሠለጥን ሬዚደንት ሥልጠናውን በ4 ዓመት ሲጨርስ የሚያውቃት እናት ከሆስፒታሉ በር ላይ የደረሰችውን ናት። ከበሩ ወዲያ ያለውን አያውቅም። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለባልደረቦቹ የሚያቀርበው አሳብ አንድ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሥልጠናው ዘመን ቢያንስ ጥቂት ወራት፣ ታካሚዎችን ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ ከሚልክ አንድ የወረዳ ሆስፒታልና ከሥሩ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ጋር ይሥራ። ካዳናት ወይም ካጣት እናት መካከል የአንዷን ጉዞ ከቤቷ እስከ ቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ይመርምር፤ የት እንደ ዘገየችና ለምን እንደ ዘገየች ይጻፍ። ይህም በሥልጠና መዝገቡ ላይ እንደ አንድ ቀዶ ሕክምና ይቆጠርለት።

ቀዳሚዎቻችን ትምህርቱን ከላሆር፣ ከቤይሩትና ከለንደን እስከ ጥቁር አንበሳ አመጡልን። የእኛ ድርሻ ከመገናኛ ወዲያ ያለውን መንገድ ነው።